ሱቄ ላይ ሁለተኛ ጓጉንቸር ተደረበብኝ፤ የት ልክሰስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

"ሃዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሱቁን የተከራየሁት በጽሑፍ ውል ለአንድ ዓመት ነበር። ውሉ የካቲት 30 አለቀ። አከራዬን ጋሼ ነው የምላቸው፤ 'ቀጥይ፣ ችግር የለም' ስላሉኝ ሳናድሰው ቀጠልን። በየወሩ 8,000 ብር እከፍላለሁ። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን 4,000 ነው። ግማሹን በባንክ አስገባለሁ፣ ግማሹን በእጅ እሰጣለሁ። ስገባ መያዣ ተብሎ 16,000 ብር በእጅ ሰጥቻለሁ፤ ውሉ ላይ የለም። ሐምሌ ላይ 'ኪራዩን 15,000 አድርጊው' አሉኝ። አልችልም አልኩ። የነሐሴን 8,000 ይዤ ብሄድ አልቀበልም አሉ። ነሐሴ 6 ጠዋት ስመጣ በእኔ ጓጉንቸር ላይ ሌላ ጓጉንቸር ደርበውበታል። ሦስት ማሽን፣ ጨርቅ፣ ተቆርጦ ያላለቀ የ40 ተማሪ ዩኒፎርም ውስጥ ነው። ቀበሌ ብሄድ በሽማግሌ ጨርሱት አሉኝ። ፖሊስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው አለኝ። የኪራይ ክርክር የሚያይ ሸንጎ አለ ይባላል፤ የት ነው? ምን ላድርግ?"

እህቴ፣ ነሐሴ ላይ የልብስ ሰፊ ሱቅ መዝጋት ገበሬን በአጨዳ ሰዓት ከማሳው እንደማስወጣት ነው። የዩኒፎርም ገንዘብ የሚገኘው በዚህ ወር ነው። መስከረም ከባተ በኋላ ወላጅ ሌላ ጋ አሰፍቷል። ስለዚህ ዛሬና ነገ ከሚሠራው ልጀምርና ሕጉን ከዚያ አመጣዋለሁ።

ጓጉንቸሩን አይስበሩት። ወንድምዎም ሆነ የሠፈር ጎረምሳ "እኔ ልቁረጥልሽ" ቢል እሺ አይበሉ። አሁን ጥፋቱ የአከራይዎ ብቻ ነው። ብረቱ የተቆረጠ ቀን ግን "ማን ዘጋ" የነበረው ክርክር "ማን ሰበረ" ይሆናል። ከውስጥ ዕቃ ጎደለ ቢባልም ማን እንደወሰደው ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው። ይልቅ ፎቶ ያንሱ። ሁለቱ ጓጉንቸሮች አንድ ላይ በቅርብ ይታዩ። ከዚያ ራቅ ብለው በሩን ከጎረቤት ሱቅ ታፔላ ጋር ያንሱ፤ የየትኛው ሱቅ በር እንደሆነ ዳኛው እንዲያውቅ ነው። ፎቶው ከስልክዎ አይጥፋ፣ ለሌላ ሰውም ይላኩት።

ጠዋት ጠዋት አብረውዎት በር የሚከፍቱ ጎረቤቶች አሉ። ያን ቀን ያዩትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ ከነስልካቸው ይመዝግቡ። "ፍርድ ቤት ቆመህ ትናገራለህ ወይ?" ብለው ዛሬውኑ ይጠይቋቸው። ሰው ነገሩ ትኩስ እያለ ደፋር ነው። ሁለት ወር ሲያልፍ ከቤት ባለቤት ጋር መቀያየም አይፈልግም። ምስክር ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ፖሊስ "የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው" ማለቱ ግማሽ እውነት ነው። የኪራይ ውሉን ክርክር ፖሊስ አይፈታም። ግን ተመልሰው ይሂዱና "ክርክሩን ዳኙልኝ አላልኩም፤ ንብረቴ ተቆልፎበታል፣ የደንበኞች ልብስም ውስጥ አለ፣ አቤቱታዬ ይመዝገብልኝ" ይበሉ። በቃል አይሁን፤ አንድ ገጽ ጽፈው ይውሰዱ። ሁለት ኮፒ ይያዙና በአንዱ ላይ ቀን አስፍረው እንዲፈርሙልዎ ይለምኑ። ያቺ ወረቀት በኋላ ብዙ ትሠራለች። ነሐሴ 6 ወይም 7 ላይ መጮህዎን የምታሳይ እሷ ናት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የኪራይ ሸንጎ የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። መጋቢት 2016 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ይከፈል፣ ውሉ ይመዝገብ፣ ጭማሪውንም ተቆጣጣሪ አካል ይወስነው የሚለው ሁሉ የዚያ አዋጅ ነው። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ይሠራል። ስሙ እንደሚለው ግን የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ነው። የእርስዎ የንግድ ቤት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ አካል ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተቱ። ሁለት ሳምንት ቢበላብዎት ዩኒፎርሙም አብሮ ያልቃል።

የእርስዎን ጉዳይ የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። 1952 ላይ የወጣው፣ ዛሬም የሚሠራው። የቤት ኪራይን የሚመለከተው ክፍል ከቁጥር 2945 ይጀምራል፤ ሱቅንም መኖሪያንም ያቅፋል። የሚያየው ደግሞ መደበኛ ፍርድ ቤት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ይታያል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 25 ነው። አከራይዎ አዲስ አበባ ቢኖሩ እንኳ ክሱ የሚቀርበው ሃዋሳ ነው። ሱቁ ያለበትን አካባቢ ወደሚያየው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሂዱና ክስ በሚቀበለው መዝገብ ቤት፣ በሬጅስትራር በኩል ይጀምሩ።

"ክረምት ነው፣ ፍርድ ቤት ዝግ ነው" የሚልዎ ይኖራል። እውነት ነው፣ ነሐሴና መስከረም መደበኛ ችሎት ዕረፍት ላይ ነው። ግን ተረኛ ችሎት አለ። ለአስቸኳይ ጉዳይ የተቀመጠ ነው፤ የእርስዎ አስቸኳይ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ሬጅስትራሩ ጋ ሲቀርቡ "አስቸኳይ ዕግድና ትዕዛዝ የሚጠይቅ ነው" ይበሉ። ከክሱ ጋር በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ ያያይዙ። ቃለ መሐላው ውስጥ ሱቁ ስለተዘጋበት ቀን፣ ስለማሽኖቹ፣ ትምህርት ቤት ስለሚከፈትበት ጊዜ ይጻፍ። "ከፍተኛ ጉዳት እየደረሰብኝ ነው" ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ትምህርት ቤት ሲከፈት 40 ልጆች ምን ለብሰው ሊሄዱ እንደሆነ ነው ዳኛውን የሚያሳስበው።

አከራይዎ የሚያነሱትን ከወዲሁ ልንገርዎ። "ውሉ የካቲት 30 አልቋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ውል ነው የተቀመጠችው" ይላሉ። ይህ ክርክር ሲሰሙት ያስደነግጣል እንጂ ጠንካራ አይደለም። ዘመኑ ያለቀ ውል ተከራዩ አከራዩ እያወቀ፣ ሳይቃወም ሲቀጥል ጊዜው ባልተወሰነ መልኩ እንደቀጠለ ነው ሕጉ የሚቆጥረው። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ አምስት ወር ኪራይ ተቀብለዋል። የእነዚያ አምስት ወራት የባንክ ማስረጃ የእርስዎ ትልቁ ጉልበት ነው። ደረሰኙ ከጠፋ ባንኩ ሄደው የሒሳብ መግለጫ ያውጡና ማኅተም ያስመቱ። በቴሌብር የላኩት ካለም ዝርዝሩን ያትሙት።

ጊዜው ያልተወሰነ ውል ደግሞ በማስጠንቀቂያ ነው የሚቋረጠው። ማስጠንቀቂያ ማለት በወሬ "ውጪልኝ" ማለት አይደለም። ጊዜ ተሰጥቶ፣ ማስረዳት በሚቻል መንገድ የሚደርስ ነው። ኪራይ አልከፈለችም ቢሉ እንኳ ሕጉ መጀመሪያ የመክፈያ ጊዜ ሰጥተህ አስጠንቅቅ ይላል። ጓጉንቸር ማስጠንቀቂያ አይደለም። ተከራይን ከቤት የሚያስወጣ በፍርድ፣ በአፈጻጸም ትዕዛዝ ነው። ባለቤት በገዛ እጁ አያስወጣም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። ብዙ ሰው ክስ የሚሸነፈው ሕግ ስለጎደለው ሳይሆን የማይሰጠውን ስለጠየቀ ነው። ፍርድ ቤቱ "ይህቺ ሴት በ8,000 ብር እስከፈለገችው ድረስ ትቀመጥ" ብሎ አይፈርድልዎም። ሱቁ የሰው ነው። ውሉ ጊዜው ያልተወሰነ ከሆነ ባለቤቱ በአግባቡ አስጠንቅቆ ሊያቋርጠው ይችላል። አዲስ ዋጋ ሊጠይቅም ይችላል፤ እርስዎ ካልተስማሙ መንገዱ በማስጠንቀቂያ መለያየት ነው። ታዲያ የሚከሱት ለምንድን ነው? ለሦስት ነገር ነው። በሩ እንዲከፈት፣ እስከሚለቁ ድረስ ሕጋዊው ጊዜ እንዲሰጥዎ፣ በተዘጋበት ቀን ልክ የቀረብዎት ገቢ እንዲተካ። እነዚህን ከጠየቁ መሬት የረገጠ ክስ ነው። "የዘላለም ተከራይ ልሁን" ካሉ ግን ጥሩው ክርክርዎም አብሮ ይሰምጣል።

በክሱ መጨረሻ "የምጠይቀው ዳኝነት" የሚል ቦታ አለ። ማመልከቻ የሚጽፉልዎ ሰው እዚህ ጋ ሲደርሱ አይቸኩሉባቸው፤ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉ። እኔ ብጽፍልዎ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

"ተከሳሽ ነሐሴ 6 ቀን በሱቁ በር ላይ ያደረጉትን ቁልፍ አንስተው ሱቁን እንዲከፍቱልኝ፤ የኪራይ ውሉ በሕጉ መሠረት በማስጠንቀቂያ እስኪቋረጥ ድረስ በሱቁ መገልገሌን እንዳያውኩ፤ ሱቁ በተዘጋባቸው ቀናት የታጣ ገቢ በማስረጃ ተጣርቶ እንዲከፍሉኝ፤ በመያዣ የወሰዱትን 16,000 ብር ሱቁን ስለቅ እንዲመልሱ፤ ወጪና ኪሣራ እንዲተኩ ይወሰንልኝ።"

በተለየ ወረቀት የሚቀርበው የአስቸኳይ ትዕዛዝ ማመልከቻ ደግሞ ሁለት ደረጃ ይኑረው። መጀመሪያ "ክርክሩ እስኪያልቅ ሱቁ ይከፈትልኝ" ይበሉ። ዳኛው "ይህ እኮ ፍርዱን ራሱን አስቀድሞ መስጠት ነው" ብሎ ሊያመነታ ይችላል። ስለዚህ ቀጥለው "ይህ ባይታመንበት እንኳ ፖሊስና የቀበሌ ተወካይ ባሉበት ዕቃው ተቆጥሮ ማሽኖቼንና የደንበኞችን ልብስ እንዳወጣ ይፈቀድልኝ" ይበሉ። በእኔ ልምድ ሁለተኛውን የሚከለክል ዳኛ ጥቂት ነው። ማሽኖቹ ከወጡ ዩኒፎርሙን ሌላ ቦታ፣ ቤትዎም ቢሆን ይጨርሱታል። ክርክሩ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

"ሁከት ይወገድልኝ" ብለው ክሰሱ የሚልዎም ይኖራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ነው። ይዞታው የተነጠቀ ወይም የታወከ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን በእሱ ብቻ አይንጠልጠሉ። አከራይ "ባለይዞታው እኔ ነኝ፤ እሷ የያዘችው በእኔ ስም ነው" የሚል መቃወሚያ ያነሳል፣ በዚያ ላይም ቀጠሮ ይበላል። እኔ መሠረቱን ውሉ ላይ አድርጌ ሁከቱን በአማራጭ ነው የምጠቅሰው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። የ4,000 እና የ8,000 ነገር።

በሃዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደተስፋፋ ሁላችንም እናውቃለን። የኪራይ ገቢ ግብር አለ፤ በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ "ለ" ሥር ነው። አከራይ ግብሩን ለመቀነስ ውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ያጽፋል። ተከራይ ቤቱን እንዳያጣ ብሎ ይፈርማል። ሁለቱም ሲስማሙ ማንም አይጎዳም ይመስላል። ሲጣሉ ነው ወረቀቱ አፍ የሚያወጣው።

ሕጉ የተፈረመ ጽሑፍን በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ አድርጎ ይወስዳል። ቁጥር 2005 እና 2006 ላይ አለ። ጽሑፉ የሚለውን በምስክር ማፍረስ አይፈቀድም። ይህ ለእርስዎ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ይጠቅምዎታል፤ አከራይዎ "8,000 ነበር፣ ውዝፍ አለባት" ብለው ቢመጡ የራሳቸው ፊርማ 4,000 ይላቸዋል። ሁለተኛው ይጎዳዎታል። የ16,000ውን መያዣ ውሉ አያውቀውም። በእጅ ነው የሰጡት። "አልተቀበልኩም" ካሉ ምን ያሳያሉ?

አንዳንድ ሰው "4,000 ብቻ ነበር በይ፣ ትርፉን እርሺው" ብሎ ይመክርዎት ይሆናል። እኔ አልመክርም። በክስ ማመልከቻዎ ግርጌ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጠው ይፈርማሉ። ያንን ፈርመው ዳኛው ፊት ቆመው "በወር ስንት ነበር የምትከፍዪው?" ሲባሉ ዓይንዎ መሬት ካየ ሌላው እውነትዎም ይጠረጠራል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዤ ነበር። ደንበኛዬ ተከራይ ነበሩ፣ እንደ እርስዎ። ስለ ኪራዩ ሲጠየቁ ተንተባተቡ። ከዚያ በኋላ ስለተዘጋባቸው ቀን የተናገሩትንም ዳኛው ደጋግሞ ጠየቃቸው። ከፊታቸው ላይ የሸሸው ደም እስካሁን ትዝ ይለኛል። ቀድመው እውነቱን ይጻፉ፦ "ውሉ ላይ 4,000 ተጽፏል፤ በተግባር 8,000 ስከፍል ነበር፤ 4,000ው በባንክ፣ ቀሪው በእጅ።" ግብሩን የማሳወቅ ግዴታ ያለባቸው አከራይዎ ናቸው።

ለ16,000ው ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። ለአከራይዎ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት በአክብሮት ይጻፉ። "ጋሼ፣ ሱቁን የሚያስለቅቁኝ ከሆነ ስገባ የሰጠሁዎትን የ16,000 ብር መያዣ መቼ ይመልሱልኛል?" ይበሉ። ስድብ አይግባበት፣ ዛቻ አይግባበት። "ከጉዳት ቀንሼ እሰጥሻለሁ" ብለው ቢመልሱ እንኳ መቀበላቸውን አምነዋል። ዝም ካሉም ያጡት የለም።

ስለ ነሐሴ ኪራይ። አልቀበልም ስላሉ ገንዘቡ እጅዎ ላይ አይቀመጥ። አልከፈለችም የሚል ክስ በር የሚከፈትለት በዚህ ነው። ምስክር ባለበት አንዴ እንደገና ያቅርቡላቸው፤ በባንክ ሒሳባቸው ማስገባት ከቻሉም ያስገቡ። በሚገባ እንደማይቀበሉ ከታወቀ ገንዘቡን በሞዴል 85፣ ማለትም በመንግሥት የአደራ ገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ፣ እንዲያስይዙ ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። ስንት? 8,000። የተስማሙት እሱ ነው፣ እንደከፈሉም በክሱ ጽፈዋል። ገንዘቡን ፍርድ ቤት ያስያዘ ተከራይና "አልቀበልም አሉኝ" ብሎ ኪሱ ያስቀመጠ ተከራይ በዳኛ ዓይን አንድ አይደሉም።

የታጣ ገቢ ሲጠይቁ ቁጥር ከአየር አይጥሩ። የትዕዛዝ ደብተርዎ ማስረጃ ነው። የልጁ ስም፣ የትከሻና የወገብ ልኬት፣ "ቀብድ 300"፣ የመረከቢያ ቀን። ያቺ በቅባትና በጠመኔ የቆሸሸች ደብተር ከአሥር ምስክር ትበልጣለች። ደብተሩ ሱቅ ውስጥ ከቀረ ቀብድ የከፈሉ ወላጆችን ይያዙ፣ ሦስት አራቱ ቢመሰክሩ ይበቃል። የንግድ ፈቃድና የግብር ወረቀትዎንም ያቅርቡ። እስከዚያው ከሙያ ጓደኛ ማሽን ተውሰው የሚችሉትን ይስፉ። ጉዳቱን መቀነስ ሲችል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ሙሉ ካሣ አያገኝም። ለማሽን ኪራይ ያወጡትን ደግሞ ደረሰኝ ይያዙበት፣ እሱም ይጠየቃል። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በሚጠይቁት የገንዘብ መጠን ስለሆነ አለቅጥ የተነፋ ካሣ መጀመሪያ የሚያራቁተው ኪስዎን ነው።

ክፍያው ካቃተዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ አለው። አቅም እንደሌለዎት ከቀበሌ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሦስት ማሽን ያላት ነጋዴ ደሃ ናት ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ማሽኖቹ እንደተቆለፈባቸው ያስረዱ። ጠበቃ ለመያዝ ካልቻሉ የሃዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሄደው ይጠይቁ፤ ማመልከቻ በደንብ የሚጽፉ ልጆች አሉ።

የሽማግሌውን ነገር አይናቁት። ቀበሌው ያልዎት ለማባረር ከሆነ ያሳዝናል፤ ሐሳቡ ግን መጥፎ አይደለም። ሲዳማ ውስጥ አፊኒ የሚባል ነገር አለ። "ሰማችሁ ወይ" እንደማለት ነው። ሁለቱም ወገን ሳይሰማ ነገር አይቆረጥም። እንዲያ ያለ ሽማግሌ ካገኙ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እርስዎ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይሰፋሉ፣ አከራይዎ በሩን ዛሬ ይከፍታሉ፣ መያዣው ከመጨረሻው ኪራይ ጋር ይተሳሰባል። ብዙ ሰው የሚጠላላው ከዚህ በማይበልጥ ነገር ነው።

ግን ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ሽምግልናው ተስፋ ብቻ እየሰጠ ቀን እንዳይበላ። "እስከ ዓርብ" ብለው ቀን ይቁረጡ፤ ክሱን ከማዘጋጀትም አያቁሙ። ሁለተኛ፣ ስምምነቱ በቃል አይቅር። ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። ክስ ከተከፈተ በኋላ ከታረቃችሁ ደግሞ ዕርቁን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 መሠረት መዝገቡ ላይ ያስመዝግቡት። ያኔ ነገ አንዱ ወገን ቢያፈገፍግ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ወረቀቱ ቤት ከተቀመጠ ግን እንደገና ክስ መክፈት ነው።

እርስዎ ሳይከሱ አከራይዎ ቢቀድሙስ? መጥሪያ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚያዩት በምን ሥነ ሥርዓት እንደቀረበ ነው። የኪራይ ጊዜ አልቋል ወይም ኪራይ አልተከፈለም ተብሎ ቤት የማስለቀቅ ክስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊቀርብ ይችላል። እዚያ ላይ ተከሳሽ እንደልማዱ መልስ ጽፎ አይገባም። መጀመሪያ ለመከላከል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ምክንያቱን በቃለ መሐላ ያስረዳል። ይህንን ሳያውቁ "ቀጠሮዬ ቀን እናገራለሁ" ብለው የቀሩ ተከራዮች ሳይሰሙ ተፈርዶባቸዋል። ጥፋት ሳይኖርባቸው። መጥሪያው ላይ "284" ወይም "አጭር ሥነ ሥርዓት" የሚል ካዩ በዚያው ቀን የሕግ ሰው ጋ ይሂዱ፤ ነገ አይበሉ። መጥሪያ አልቀበልም ማለትም አያድንም፤ በር ላይ ተለጥፎ እንደደረሰ ይቆጠራል።

ፍርድ ቤት ሲሄዱ ውሉን ዋናውንና ኮፒውን፣ የባንክ መግለጫውን፣ ፎቶዎቹን አትመው፣ ለፖሊስ ያስገቡትን ማመልከቻ፣ የንግድ ፈቃድዎን፣ የምስክሮችን ስምና አድራሻ ይያዙ። የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር አብሮ ነው የሚገባው። "በኋላ አመጣለሁ" ያሉት ማስረጃ ብዙ ጊዜ ኋላ ላይ በር ይዘጋበታል። ኮፒው ለፍርድ ቤቱና ለተከሳሹ የሚበቃ ይሁን፣ አንድ ሙሉ ስብስብ ደግሞ ለራስዎ።

በሩ በትዕዛዝ ሲከፈት፣ ወይም በስምምነት ሲለቁ፣ ብቻዎን አይግቡ። ፖሊስ ወይም ሽማግሌ ይኑር። ማሽኖቹ ከነቁጥራቸው፣ ጨርቁ በጥቅል፣ የተቆረጠው ዩኒፎርም በፍሬ ተቆጥሮ ይጻፍ። የጎደለ ካለ እዚያው ይመዝገብ፤ ከወጡ በኋላ የሚነገር ጉድለት አይታመንም። የመብራት ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ ያንሱ። ሱቁን ለቀው ከሆነ ቁልፉን ለአከራይዎ ሲያስረክቡ "ቁልፍ ተረክቤያለሁ፣ ውዝፍ ኪራይ የለም" የሚል ወረቀት ላይ ያስፈርሟቸው። እሺ ካላሉ ቁልፉን ለቤተሰብም ለዘበኛም አይስጡት። ለፍርድ ቤቱ ያመልክቱና በዚያ በኩል ያስረክቡ።